የልብ ሰው እንዴት ይገኛል? ከተገኘስ እንዴት ይያዛል?

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። አዲስ ታካሚ ሲመጣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቱ፣ ስለ ሥራው እጠይቀዋለሁ። ቅጹ ላይ የሌለ፣ እኔ ግን የማልዘለው አንድ ጥያቄ አለ። «ይሄን ነገር ከእኔ በፊት ለማን ነገርክ?» ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው። ሰውየው ባለትዳር ሊሆን ይችላል። ወንድምና እህት አለው። ስልኩ ሲጮህ ነው የሚውለው። ግን ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለእሱ ነው። ሰው ሞልቶት የሚነግረው ላጣ ሰው። ከሥራዬ አጥብቄ የያዝኩት አንድ ነገር አለ። አእምሯችንን የሚደግፈው የምናውቀው ሰው ብዛት አይደለም፤ ነገራችንን ሳንቀባባ የምንነግረው አንድ ሁለት ሰው መኖሩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በዕድል ብቻ አይገኝም። በትንንሽ ነገር ይሠራል፣ በትንንሽ ነገርም ይታጣል።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ጆርጅ ብራውን እና ቲሪል ሃሪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በደቡብ ለንደን፣ ካምበርዌል በሚባል ሰፈር የሚኖሩ ሴቶችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1978 አሳትመዋል። ከባድ ነገር ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ምስጢራቸውን የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው ያልነበራቸው በድብርት የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በጣም ይበልጥ ነበር። መከራው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ የሚነገረው ሰው መኖር አለመኖሩ ልዩነት አመጣ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ጄምስ ኮን የተባለ ተመራማሪ 16 ባለትዳር ሴቶችን የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳይ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝቶ ነበር። ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊመጣባቸው እንደሚችል አስቀድሞ ይነገራቸዋል። አንዳንዴ ብቻቸውን ይጠብቃሉ፣ አንዳንዴ የማያውቁት ሰው እጃቸውን ይይዛል፣ አንዳንዴ ባላቸው። አደጋን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ይበልጥ የተረጋጋው የባላቸውን እጅ ሲይዙ ነው። ትዳራቸው ጥሩ የሆነላቸው ሴቶች ደግሞ ከሁሉም በላይ ተረጋጉ። ይህን ጥናት ለታካሚ ቤተሰቦች ደጋግሜ የምነግራቸው «እኔ ምን ላደርግለት እችላለሁ?» ብለው ሲጨነቁ ነው። አጠገቡ መቀመጥ ራሱ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ስም ጻፉ

ወረቀት ያዙ። ስልክ ላይ አትጻፉት፤ መልእክት ሲገባ ሐሳባችሁ ይበተናል። ሦስት ጥያቄ ጻፉና በየሥሩ የመጣላችሁን ስም አስፍሩ። እኩለ ሌሊት ላይ ክፉ ነገር ቢደርስብኝ ለማን እደውላለሁ? ደስ የሚል ወሬ ቢኖረኝ መጀመሪያ ለማን እነግራለሁ? ማን ፊት ነው ሳላፍር ማልቀስ የምችለው?

ለትህትና ብላችሁ ስም አትጨምሩ። የሥጋ ዘመድ ስለሆነ ብቻ የገባ ስም ካለ ሰርዙት። ለማንም የምታሳዩት ወረቀት አይደለም።

ሦስቱም ላይ ያው አንድ ስም ብቻ ከወጣ፣ መልካም ነው፤ ግን ያ ሰው ብዙ ተሸክሟል። እሱ ሲታመም ወይም ሲርቅ እናንተ ባዶ ሜዳ ላይ ትቀራላችሁ። ሁለተኛ ሰው ማፈላለግ ለእሱም እፎይታ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ባዶ ከቀረ ደግሞ የምትሠሩበት ቦታ እዚያ ነው። ሁሉም ባዶ ከሆነም አትደንግጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት ይጎዳል። ወረቀቱን ግን አትጣሉት።

ከተለያያችሁ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት እዩ

ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ከተገናኛችሁ በኋላ የሚሆነውን ልብ በሉ። ትከሻችሁ ቀለለ ወይስ ተወጠረ? የተባባላችሁትን ደጋግማችሁ ታሰላስላላችሁ? «እንዲህ ባላልኩ ኖሮ» እያላችሁ ነው የምትተኙት? በአንድ ቀን አትፍረዱ፤ ሰው ክፉ ቀን አለው። ጥቂት ጊዜ ከታዘባችሁ በኋላ ግን መልኩ ይወጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ሳያውቅ ነውና። ጠላቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ይርቀዋል። የሚያደክመው አንድ ቀን አንጀት የሚያርስ፣ በማግስቱ የሚያቆስል ሰው ነው። ስትታመሙ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ሰው ፊት የምታፍሩበትን ነገር የሚያወጣውም እሱ ነው። ጁሊያን ሆልት-ሉንስታድ እና በርት ኡቺኖ እንዲህ ያሉ ግንኙነቶችን ለዓመታት አጥንተዋል። ሰዎች ከእንዲህ ዓይነቱ ወዳጅ ጋር ሲሆኑ የደም ግፊታቸው ከሚደግፋቸው ወዳጅ ጋር ካሉበት ጊዜ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዛሬ የትኛው ፊት እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ሰውነት ዘብ መቆሙን አይተውም።

ታዲያ ቁረጡት? እኔ እንዲህ አልመክርም። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው እናት ነው፣ ወንድም ነው፣ የልጅነት ጓደኛ ነው። ይልቅ ለእሱ የሚነገረውንና የማይነገረውን ለዩ። ታላቅ እህቴ ስልክ ደውላ «ደሞ ምን ሆንሽ? ድምፅሽ ልክ አይደለም» ስትለኝ ልቤ ይቀልጣል። የነገርኳትን ግን ከሌሎቹ ቤተሰቦቻችን ነው መልሼ የምሰማው። ስለዚህ ከእሷ ጋር ስለ ልጆች፣ ስለ ጤና፣ ስለ ድሮው እናወራለን፤ እንስቃለን። የልቤን ጉዳይ ስትጠይቀኝ «እሱ ገና አልበሰለም፣ ሲበስል እነግርሻለሁ» እላታለሁ። አልተጣላንም፣ ውሸትም የለበትም። አሁን ስልኳን ሳነሳ ሆዴ አይጨናነቅም።

የደስታ ወሬ ሲመጣ

ሰው ስለ ቅርብ ሰው ሲያስብ ቶሎ የሚታየው ክፉ ቀን ነው። ሼሊ ጌብል እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። አጋራችን ለመልካም ወሬያችን የሚሰጠው ምላሽ፣ ለክፉ ወሬያችን ከሚሰጠው ይልቅ ከግንኙነቱ ጤንነት ጋር ይበልጥ የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል።

ምሳሌ ልስጥ። ወንድማችሁ ሮጦ ገብቶ «ሥራውን አገኘሁት!» ይላል። አራት ዓይነት መልስ አለ።

«ጎበዝ» ትሉታላችሁ፣ ዓይናችሁ ስልኩ ላይ ነው።

«ደሞዙ ይበቃሃል ግን? መንገዱስ አይርቅም?»

«እኔ ዛሬ ምን እንደገጠመኝ ብታውቅ…»

«አትለኝም! ና ቁጭ በል። ሲደውሉልህ የት ነበርክ? ምን ብለው ነገሩህ?»

ግንኙነትን የሚያጠነክረው አራተኛው ብቻ ነው። ሁለተኛው በተለይ ያታልላል፤ ተቆርቋሪ ያስመስላል። ጥያቄው ትክክል ሊሆን ይችላል፣ መንገዱ በእርግጥ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ግን ነገም ይደርሳል። ዛሬ ሰውየው ደስታውን ይዞ ወደ እናንተ መጥቷል። ሁለት ሦስት ጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ ከቸለሳችሁበት ወሬውን ለሌላ ሰው መውሰድ ይጀምራል። እናንተም «ምንም አይነግረኝም» ትላላችሁ።

ዛሬውኑ ሞክሩት። ቤት ውስጥ ማንም ሰው ትንሽ መልካም ወሬ ሲያወራ ስልኩን ገልብጡና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ምክር አትጨምሩ። «እንዴት ሆነ?» እና «ከዚያስ?» ይበቃሉ።

የከፋው ሰው ሲመጣ

ከሁሉ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «ልስማሽ ወይስ መላ እንፈልግ?» ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው አንዱ ሊሰማ ሲፈልግ ሌላው መፍትሔ ስለሚያዘንብ ነው። በተለይ ጉዳይ መጨረስ የለመዱ ሰዎች ይህ ይከብዳቸዋል። ሲሰሙ ሥራ እንደፈቱ ይሰማቸዋል።

«አይዞህ፣ ያልፋል» ለማለት አትቸኩሉ። ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ከመጣ «በቃ ዝም በል» ይመስላል። መጀመሪያ ያለውን መልሳችሁ በሉት። «ሰው ፊት መናገሩ ነው በይበልጥ ያበሳጨህ» ስትሉት «አዎ፣ እሱ ነው!» ካለ ገብቷችኋል። «አይ፣ እሱ ሳይሆን…» ካለም ይቀጥላል። በሁለቱም ታተርፋላችሁ።

እርዳታን በተመለከተ ደግሞ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አንብቤያለሁ። ናይል ቦልገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ለከባድ የጥብቅና ፈቃድ ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችንና አጋሮቻቸውን በየቀኑ ማስታወሻ እንዲሞሉ አደረጉ። በብዛት የጠቀመው አጋሩ «ረድቻለሁ» ብሎ የጻፈበት፣ ተረጂው ግን ልብ ያላለው እርዳታ ነበር። የታየ እርዳታ ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል፦ «ካልተረዳሁ አልችልም ማለት ነው።»

እንዲህ ዓይነት ወዳጅ አለችኝ። በአንድ ከባድ ሌሊት ታካሚ አጥተን፣ ጠዋት ርክክብ ላይ እጄ ሥራ እምቢ አለኝ። እሷ ምንም አላለችኝም። «ሂጂ ታጠቢ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ብቻ ነው ያለችው። ከሳምንታት በኋላ የቆዩ የታካሚ መዝገቦች ሳገላብጥ የዚያን ቀን እኔ መሙላት የነበረብኝ ሁሉ በእሷ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ አገኘሁት። ዘንበል ያለውን ፊደሏን የትም አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ አላነሳችውም።

ስለዚህ ስትረዱ «ይኸው ረዳሁህ» የሚል ድምፅ ቀንሱ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ወረፋውን ያዙለት። «እኔም እኮ ያን ጊዜ ግራ ገብቶኝ ነበር፣ እንዲህ አድርጌ ነው የወጣሁት» በሉ እንጂ «አንተ እንዲህ ማድረግ አለብህ» አትበሉ።

ያንኑ ነገር ማመላለስ

መነጋገር ሁሉ አያድንም። አማንዳ ሮዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 በልጆችና በወጣቶች ጓደኝነት ላይ ያገኘችው ይህን ነው። አንዱን ችግር ደጋግመው የሚያወሩ፣ በክፉው ስሜት ላይ የሚቆዩ ጓደኛሞች በጣም ይቀራረባሉ። ግን የጭንቀትና የድብርት ምልክትም አብሮ ይበዛባቸዋል።

መለያው ቀላል ነው። ታሪኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነገር አዲስ ነገር ካልተጨመረበት፣ ሁለታችሁም ከመጀመሪያው ይልቅ ከከፋችሁ፣ እያመላለሳችሁ ነው። ያን ጊዜ «በቃ ተይው» አትበሏት፤ ያስከፋታል። «ነገ ጠዋት ከዚህ ውስጥ አንዲት ነገር ብትነኪ የቷን ትነኪያለሽ?» በሏት። ወይም ተነሡና አብራችሁ በእግር ሂዱ። እግር ሲንቀሳቀስ ወሬውም አቅጣጫ ይቀይራል።

ስትጣሉ

የቅርብ ሰው ጠብ ሰውነት ላይ ይቀራል። ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘር እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 በ42 ጥንዶች ክንድ ላይ ትንንሽ ቁስል አድርገው የሚድንበትን ፍጥነት ለኩ። ሲነጋገሩ ከፍተኛ ጥላቻ የሚታይባቸው ጥንዶች ቁስል የዳነበት ፍጥነት ከሌሎቹ 60 በመቶው ያህል ብቻ ነበር።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ልብ ሲመታ፣ ፊት ሲግል፣ አፍ ማጭድ ነው። በዚያ ሰዓት «ጉዳዩን እንጨርስ» ማለት አያዋጣም። «አሁን ተናድጃለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ፣ እመለሳለሁ» በሉና ውጡ። የጥንዶች ተመራማሪው ጆን ጎትማን ቢያንስ 20 ደቂቃ ይመክራል፤ ሰውነት እስኪበርድ ጊዜ ይወስዳልና። በዚያ ጊዜ ውስጥ የክስ መዝገብ እያዘጋጃችሁ ከሆነ ግን አልበረዳችሁም። ሰዓቱም ሲሞላ ተመለሱ። «እመለሳለሁ» ብሎ መቅረት ከጠቡ ይብሳል።

የተራራቃችሁት ሰው ካለ

ወረቀታችሁ ላይ «ድሮ ቢሆን የእሱን ስም እጽፍ ነበር» ያላችሁት ሰው አለ? ብዙዎቻችን «አሁን ብደውል ምን ይለኛል? ጉዳይ ኖሮኝ ነው የሚመስለው» ብለን እንተወዋለን። ፔጊ ሊዩ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳተሙት፣ ሰዎች እንዲህ ያለ ያልተጠበቀ ሰላምታ ተቀባዩን ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኘው አሳንሰው ይገምታሉ። ሳይታሰብ ሲመጣ ደስታው ይጨምራል።

«ምነው ጠፋህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ገና ከበሩ ወቀሳ ነው። እንዲህ ጻፉ፦ «ዛሬ አብረን የተማርንበት በር ላይ ሳልፍ ትዝ አልከኝ። ደህና ነህ? ሥራ ከበዛብህ መመለስ የለብህም፣ ላስታውስህ ብዬ ነው።» ያው በቃ። ጉዳይ ካላችሁ በሌላ ቀን አንሡት።

«ማንም የለኝም» ለምትሉ

ብቸኝነት ሲቆይ ዓይን ይለውጣል። ጆን ካሲዮፖ የተባለ ተመራማሪ በሕይወት ዘመኑ ይህን ሲያጠና ነበር። የብቸኝነት ስሜት የቆየበት ሰው አእምሮው ነቅቶ አደጋ ይፈልጋል። ያልተመለሰ መልእክት ንቀት ይመስለዋል፣ የደከመ ፊት ጥላቻ ይመስለዋል። ከዚያ ራሱ ይርቃል፣ ሌሎቹም ይርቁታል። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 የተለያዩ የብቸኝነት መፍትሔዎችን አወዳድረው ነበር። ሰውን ከሰው ከማገናኘት ይልቅ ይህን አተያይ ማረም የተሻለ ሠርቷል።

ስለዚህ «ናቀኝ» ስትሉ ሌሎች ሁለት ምክንያቶች ጻፉ። ስልኩ ተዘግቶ ይሆናል። ጠዋት ሊመልስ አስቦ ረስቶት ይሆናል። ማመን የለባችሁም፤ ብቻ ጻፏቸው። ከዚያ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ሞክሩ።

አዲስ ወዳጅ ደግሞ ሰዓት ይጠይቃል። ጄፍሪ ሆል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገመተው ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል፣ ወደ የቅርብ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ መሆን ያስፈልጋል። በአንድ ግብዣ ላይ የልብ ሰው ካላገኛችሁ ስህተት ያለው እናንተ ላይ አይደለም። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ያው ሰዎች የሚገኙበት ቦታ ምረጡ፦ ትምህርት፣ መዘምራን፣ ስፖርት፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ። ወሬ አዋቂ መሆን አይጠበቅባችሁም። መቅረት ብቻ አይሁን።

ይህ ምክር የማይሠራበት ቦታ

የሚመታችሁ፣ ስልካችሁን የሚፈትሽ፣ ከዘመድና ከጓደኛ የሚነጥላችሁ፣ የምትፈሩት ሰው ካለ፣ ከላይ የጻፍኩት «ስትጣሉ» የሚለው ለእናንተ አይደለም። ችግሩ የንግግር ችሎታ ማነስ አይደለም። መጀመሪያ ደህንነታችሁ ነው። ለምታምኑት አንድ ሰው፣ ወይም ለባለሙያ ዛሬ ንገሩ።

ሌላው ወዳጃችሁ «መኖር ሰልችቶኛል» ሲል ነው። ወሬ አትቀይሩ። ፊት ለፊት ጠይቁት፦ «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። «አዎ» ካለ አትቆጡ፣ አትስበኩ። ብቻውን አትተዉት፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ በዚያው ቀን የጤና ተቋም ውሰዱት። ምስጢር እንድትጠብቁ ቢለምናችሁም ይህን ምስጢር አትጠብቁ።

ከዚያ በኋላም ሥራ አላችሁ። በቀጠሮው ቀን አብራችሁት ሂዱ። ፈቃደኛ ከሆነ አብራችሁ ግቡ፣ ካልሆነ ውጪ ጠብቁት። ሲወጣ «ምን አሉህ?» ብላችሁ አትመርምሩት፤ ከፈለገ ይነግራችኋል። ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ብቻ ጠይቁት፣ እናንተም ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።